ዘይቱ ይመስክር፦ ስለ ሞተር ዘይት ምርጫና ስለሚለወጥበት ጊዜ

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለውን የአባቶቻችንን አነጋገር የማያውቅ የለም። እኔም ይህ ቃል ለሰው ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ዳሩ ግን በቤታችን የደረሰው ነገር ለሞተርም እንደሚሠራ ስላስተማረኝ፣ የተማርሁትን ለትምህርት ጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና መኪና ላላቸው ወላጆች ሁሉ ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። ዋናው አሳቤም ባጭሩ ይህ ነው፤ የሞተርን ዘይት በልማድና በቀለሙ ብቻ እየገመቱ ከመለወጥ ይልቅ፣ ያገለገለውን ዘይት አስመርምሮ የሚናገረውን መስማት ገንዘብንም ሞተርንም ያድናል።

አባቴ እኔንና ሁለቱን እኅቶቼን የሚያስተምሩን በአንዲት ባለ 5 ቶን የናፍጣ የጭነት መኪና ከጎጃም ገጠር እህል እየጫኑ፣ ዓባይን እየተሻገሩ ወደ አዲስ አበባ በማመላለስ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የመኪናዋ ሞተር ኃይል እየከዳው፣ ሰማያዊ ጢስ እየተፋ ሄደና መታደስ ግድ ሆነ። ለዚህም ሥራ እናቴ ለክፉ ቀን ያኖሩት ገንዘብ አለቀ፤ ታላቅ እኅቴም የሚከፈልላት ጠፍቶ የማታ ትምህርቷን አንድ ዓመት አቋረጠች። አባቴ «ይህን ያመጣብን ዘይቱን አቆይተን መለወጣችን ነው» ብለው ስለ ተጸጸቱ፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይለውጡት የነበረውን ዘይት በየ3,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ ጀመሩ። ወጪው በዛ፤ ቢሆንም «ዘይት ከሞተር ይረክሳል» እያሉ ተጽናኑ።

ነገር ግን ሞተሩ ከታደሰ በኋላ 28,000 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላው ሰማያዊው ጢስ ተመልሶ መጣ። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩም አንድ ሊትር ያህል ዘይት መጨመር አስፈለገ። ዘይቱ ሁልጊዜ አዲስ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ስለ ምን ይታመማል? ይህን ጥያቄ ለኬሚስትሪ መምህራችን ባቀርብላቸው «ለምን ዘይቱን ራሱን አትጠይቁትም?» ሲሉ መለሱልኝ። ነገሩ እንቆቅልሽ መሰለኝ፤ ኋላ ግን ፍቺውን አገኘሁት።

ፍቺውን ከመናገሬ በፊት ዘይት በሞተር ውስጥ ምን እንደሚሠራ ላስረዳ። የዘይት መጀመሪያ ሥራው በሚፋተጉት ብረቶች መካከል ገብቶ እንዳይነካኩ መለየት ነው። ከዚህም በቀር ሙቀትን ይሸከማል፤ ጥቀርሻን ያጥባል፤ በፒስቶንና በሲሊንደር መካከል ያለውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ናፍጣ ሲቃጠል በውስጡ ካለው ድኝ የሚወለደውን አሲድ ያመክናል። ይህን ሁሉ እንዲችል በመሠረታዊው ዘይት ላይ ልዩ ልዩ የኬሚካል ቅመሞች ይጨመሩበታል። ዘይት አረጀ ማለትም እነዚህ ቅመሞች አለቁ፣ ወይም ዘይቱ በሙቀት ተቃጥሎ ወፈረ፣ ወይም ናፍጣ ገብቶበት ቀጠነ፣ ወይም ውሃና አቧራ ተቀላቀለበት ማለት ነው።

እንግዲህ ስለ ቀለም የሚባለው ስሕተት ከዚህ ላይ ይገለጣል። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተለወጠ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠቁራል። ይህም ሞተ ማለት ሳይሆን ጥቀርሻውን በየቦታው እንዳይጋገር አድቅቆና በትኖ ተሸክሞታል ማለት ነው። እንዲያውም ከብዙ ጉዞ በኋላ ሳይጠቁር የሚቀር የናፍጣ ሞተር ዘይት ሥራውን ስለ መሥራቱ የሚያጠራጥር ነው። ስለዚህ በመለኪያው ዘንግ ላይ ዘይት ምን ያህል እንዳለ ማየት ይቻላል፤ ዕድሜውን ግን በዐይን መፍረድ አይቻልም።

አሁን ደግሞ ወደ ምርጫው ልለፍ። በጀሪካኑ ላይ ሁለት ነገር ይጻፋል። አንደኛው የውፍረቱ ቁጥር ነው። ይህን አቆጣጠር በ1911 እ.ኤ.አ. ያወጣው በምኅጻረ ቃል ኤስ.ኤ.ኢ. የሚባለው የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። ለምሳሌ «15 ደብሊው 40» የሚለውን እንውሰድ። «ደብሊው» በእንግሊዝኛ ክረምት የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው። ፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ሞተሩ እንዲነሣ ምን ያህል እንደሚቀጥን ያመለክታል፤ 15 የተባለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ኋለኛው ቁጥር ሞተሩ ከጋለ በኋላ ያለውን ውፍረት ይናገራል፤ 40 የሚባል ዘይት በ100 ዲግሪ ሙቀት ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክስ መሆን አለበት። ለማነጻጸር ያህል የውሃ ውፍረት በ20 ዲግሪ ሙቀት 1 ሴንቲስቶክስ ያህል ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ በአገራችን ከተሞች ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስ ብርድ ስለሌለ ለብርዱ ብሎ 15ቱን ትቶ ዋጋው የበዛውን 0 ወይም 5 ደብሊው የሚገዛ የናፍጣ ጭነት መኪና ባለቤት፣ የሞተሩ አምራች ካላዘዘው በቀር፣ ለማይመጣ ብርድ ይከፍላል ማለት ነው። እንደዚሁም «ወፍራም ዘይት ይሻላል» ብሎ አምራቹ ካዘዘው በላይ የወፈረ መጨመር ትክክል አይደለም፤ ወፍራም ዘይት በጠባብ መንገዶች ቶሎ አይደርስምና ጧት ሞተር ሲነሣ ብረቱ ሳይለሰልስ ይፋተጋል።

ሁለተኛው በጀሪካኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የጥራት ደረጃው ነው። ኤ.ፒ.አይ. በተባለው የአሜሪካ የፔትሮሊየም ተቋም አሠራር በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ከ«ሲ» ቀጥሎ ያለው ፊደል እየራቀ በሄደ መጠን ደረጃው የኋለኛ ዘመን ነው፤ ሲ.አይ.-4 በ2002 እ.ኤ.አ.፣ ሲ.ኬ.-4 ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል። እንግዲህ ዘይት ሲገዛ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የታዘዘውን ውፍረትና ደረጃ መፈለግ እንጂ በጀሪካኑ ማማርና በሻጩ ምስጋና መመራት አይገባም።

ዘይቱን መምረጥ እንዲህ ከሆነ፣ መቼ እንደሚለወጥ ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. ዴንቨርና ሪዮ ግራንዴ የተባለው የአሜሪካ የባቡር ኩባንያ የናፍጣ ባቡሮቹን ያገለገለ ዘይት በብርሃን መመርመሪያ መሣሪያ እየመረመረ፣ ሞተሮቹ ሳይሰበሩ ብልሽታቸውን አስቀድሞ ማወቅ ጀመረ። የዚህ ምርመራ ምሥጢር በክፍል ከተማርነው የራቀ አይደለም። ጨው በእሳት ላይ ሲነሰነስ ሶድየሙ ቢጫ፣ መዳብ ደግሞ አረንጓዴ ነበልባል እንደሚሰጥ አይተናል። ልክ እንዲሁ ዘይቱ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲቃጠል በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ብርሃን ያወጣል፤ መሣሪያውም የብርሃኑን ጥንካሬ ለክቶ በሚሊዮን ክፍል ውስጥ ስንት ክፍል እንዳለ ይናገራል።

እያንዳንዱም ከየት እንደ መጣ ይታወቃል። ብረት ከሲሊንደሩ ግድግዳና ከዋናው ዘንግ፣ አሉሚኒየም ከፒስቶን፣ ክሮሚየም መካኒኮች ፋሻ ከሚሏቸው የፒስቶን ቀለበቶች፣ እርሳስና መዳብ ዘንጉ ከሚዞርባቸው ብሮንዚኖች ይመጣሉ። ሶድየም ወይም ፖታሲየም ሲበዛ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ወደ ዘይቱ እንደ ገባ ያስጠረጥራል። ሲሊከን የአሸዋና የአቧራ ዋና ክፍል ስለ ሆነ፣ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አብሮ ሲጨምር ሞተሩ አቧራ እንደሚተነፍስ ያመለክታል። ካልሲየም፣ ዚንክና ፎስፎረስ ግን ብዙውን ጊዜ ከቅመሞቹ ናቸው፤ በአዲሱ ዘይት ውስጥ ከሚገባው እጅግ ካነሱ በጀሪካኑ ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው አንድ አይደለም ማለት ነው። ከእነዚህ ሌላ የዘይቱ ውፍረት፣ በውስጡ ያለው ውሃና ጥቀርሻ፣ እንዲሁም አሲድ የማምከን ኃይሉ ይለካል።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ለአባቴ ምርመራውን ባማክራቸው «ልጄ፣ ዘይት ከጠቆረ ሞቷል፤ ለሞተ ነገር ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አሉኝ። እኔም «አባባ፣ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ደም እንሰጥ የለም? ይህም የሞተሩ ደም ነው» ብላቸው ሳቅ አሉና ጠርሙሱን ተቀበሉኝ። ዘይቱን 3,000 ኪሎ ሜትር ላይ ቀድተን፣ ከአዲሱም ዘይት ጥቂት ጨምረን፣ የግንባታ መኪናዎችን ዘይት ለሚመረምር አንድ ቤተ ሙከራ ወደ አዲስ አበባ ላክን። የከፈልነውም ለአንድ ጊዜ ዘይት ከምናወጣው ያነሰ ነበር።

የመጣው ወረቀት እንዲህ ይላል። የዘይቱ ውፍረት በ100 ዲግሪ 13.4 ሴንቲስቶክስ፤ የአዲሱ 14.3 ነበርና ገና በ40 ክልል ውስጥ ነው። አሲድ የማምከን ኃይሉ 8.1፤ የአዲሱ 10.2 ነበር። ውሃ የለበትም። እስከዚህ ድረስ ዘይቱ ጤነኛ ነው። ነገር ግን በሚሊዮን ውስጥ ብረት 96፣ አሉሚኒየም 19፣ ክሮሚየም 8፣ ሲሊከን 58! በ10 ሊትር ዘይት ውስጥ ይህ ሁሉ ብረት ከ1 ግራም ያነሰ ቢሆንም፣ ለ3,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ እጅግ ብዙ ነው። ዘይቱ ጤነኛ፣ ሞተሩ ግን በሽተኛ ነበር። በሽታውም አቧራ ነው።

አባቴና መካኒኩ የአየር ፊልትሮውን ፈትተው ቢያዩት ንጹሕና አዲስ ነው። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባውን፣ ማኒኮቶ የሚሉትን የላስቲክ ቱቦ ግን ነቅለው ቢገለብጡት፣ በታች በኩል ዐይን በማያየው ቦታ የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቆ ተገኘ። በገጠር መንገድ የሚነሣው አቧራ ፊልትሮውን ትቶ በዚያ ስንጥቅ ይገባ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ቱቦው ሞተሩ ከመታደሱ በፊት የነበረው አሮጌው ቱቦ ነው። ሞተሩ ሲታደስ እሱ ተመልሶ ታስሮ ኖሯል። የፊተኛውን ሞተር የገደለውም እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ጋራዡም አላየው፤ እኛም አልጠየቅን። አባቴ ቱቦውን በእጃቸው ይዘው ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ፤ ኋላም «እኔ ዘይቱን ከሰስሁ፤ ለካስ ዘይቱ ምስክር ነበረ፤ በየ3,000ው ምስክሩን እያፈሰስሁ እጥል ኖሬአለሁ» አሉ።

ቱቦው በአዲስ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ በ3,000 ኪሎ ሜትር በተደረገው ምርመራ ብረቱ ከ96 ወደ 33፣ ሲሊከኑ ከ58 ወደ 14 ወረደ። ሞተሩ መበላቱን እንደ ቀነሰ ስላወቅን ጊዜውን ለማራዘም ደፈርን፤ ይኸውም አምራቹ በመጽሐፉ ካዘዘው ወሰን ሳናልፍ ነው። በ5,000 ኪሎ ሜትር ብረቱ 38፣ ሲሊከኑ 12፣ አሲድ የማምከን ኃይሉ 6.6 ሆነ። በ6,500 ኪሎ ሜትር ብረቱ 47፣ የማምከን ኃይሉ 5.4፣ ውፍረቱ ደግሞ በጥቀርሻ ምክንያት 14.9 ደረሰ። የማምከን ኃይሉ ወደ አዲሱ ዘይት ግማሽ፣ ማለት ወደ 5.1 ስለ ተጠጋ እዚያ ላይ አቆምን። እንግዲህ ሒሳቡን አስሉት፤ በ39,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ በየ3,000ው ቢለወጥ 13 ጊዜ፣ በየ6,500ው ቢለወጥ 6 ጊዜ ነው። በያንዳንዱ 10 ሊትር ብንል 70 ሊትር ዘይት ይተርፋል።

ይህን ሳነብላችሁ «እኔም በ6,500 ልለውጥ» የሚል እንዳይኖር አደራ እላለሁ። ይህ ቁጥር የዚያች መኪና፣ የዚያ መንገድና የዚያ ዘይት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ያን ያህል ደግሞ ወደ ደጀን ይወጣል። ጭነት ይዞ በዝቅተኛ ማርሽ ያን ዳገት የሚወጣ ሞተር፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጥቂት ሲቆጥር እርሱ ብዙ ይደክማል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥርም ዘይት በአየር የሚበላሽበት ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። በከተማ ውስጥ ሞተሩን አስነሥቶ ሲቆም የሚውል መኪናም እንዲሁ ነው፤ ቆጣሪው ሳይንቀሳቀስ ዘይቱ ያረጃል። በደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ናፍጣ በደንብ ሳይቃጠል ጥቀርሻ ይበዛል። ስለዚህ ሁሉም ከራሱ ዘይት ምስክርነቱን መስማት አለበት።

ዘይቱም እውነቱን እንዲናገር ሲቀዳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞተሩ ሠርቶ ገና ትኩስ ሳለ መቅዳት፤ ከታች ሲፈስስ ፊተኛው ዝቃጭ ካለፈ በኋላ መካከለኛውን በንጹሕና በደረቅ ጠርሙስ መቀበል፤ ከቆሻሻ ሳሕን ግን ፈጽሞ አለመቅዳት ነው። ከጠርሙሱም ጋር የመኪናው ጠቅላላ ኪሎ ሜትር፣ ዘይቱ የተጓዘው፣ የዘይቱ ዓይነትና በመካከል የተጨመረው ሊትር ይጻፋል። የተጨመረው አዲስ ዘይት የብረቱን ቁጥር አሳንሶ የማምከን ኃይሉን ከፍ ስለሚያደርግ ካልተጻፈ ያሳስታል። ከአንድ ወረቀት ይልቅ ተከታታይ ሁለትና ሦስት ወረቀቶችን ማነጻጸር የበለጠ እውነት ይሰጣል።

ምርመራውም ወሰን አለው። መሣሪያው እጅግ የደቀቀውን ብረት እንጂ ከአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር የሚበልጠውን ቁራጭ በደንብ አያይም፤ በድንገት የሚሰበርም ዕቃ አስቀድሞ ላይናገር ይችላል። ስለዚህ የወጣውን የዘይት ፊልትሮ ቀዶ በውስጡ የሚያብለጨልጭ ብረት አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ለትንሽ የቤት መኪና ደግሞ በየጊዜው ማስመርመር ከዘይቱ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል፣ የመለወጫውን ጊዜ ለማወቅ ወይም የሚያጠራጥር ነገር ሲታይ ብቻ ማስመርመር ይበቃል።

በመጨረሻም የትምህርት ጓደኞቼ በቀላሉ ልታደርጉት የምትችሉትን አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። ከመለኪያው ዘንግ አንዲት ጠብታ ያገለገለ ዘይት በማጣሪያ ወረቀት ላይ ጣሉና አንድ ቀን አቆዩአት። ጥቁረቱ ከመካከል ወደ ዳር እየሳሳ በእኩል ከተስፋፋ፣ ዘይቱ ጥቀርሻን የመበተን ኃይል ገና አለው። ድፍን ጥቁር ነጥብ በመካከል ቀርቶ ዙሪያው ጠርቶ ከታየ ግን ኃይሉ ደክሟል። ይህ ሙከራ ቁጥር አይሰጥም፤ የአቧራንም ነገር አይናገርም፤ ነገር ግን ከቀለም ግምት ይሻላል። እጃችሁን በሳሙና መታጠብ፣ ያገለገለውንም ዘይት በመሬትና በወንዝ አለማፍሰስ አትርሱ።

የአባቴ መኪና ያለፈ ጉዳቷ አልዳነም፤ አሁንም ጥቂት ዘይት ትጠጣለች። ነገር ግን አልባሰባትም፤ ዓባይንም ትሻገራለች። ታላቅ እኅቴም ወደ ማታ ትምህርቷ ተመልሳለች። የእኛ ሞተር በሽታውን አልሸሸገም ነበር፤ በዘይቱ ውስጥ ሲናገር ያላደመጥነው እኛ ነን። እናንተ ግን ጥቁር ዘይት ሲፈስስ ባያችሁ ጊዜ፣ ከመድፋታችሁ በፊት አንድ ጠርሙስ ያህል አስቀሩለት፤ የሚናገረው ይኖረዋልና።